ዕቃ ወደ ኦንላይን ገበያ መጋዘን ከመላኩ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦንላይን የሚሸጥ ሰው ሁለት መንገድ አለው። ወይ ዕቃውን ራሱ ጋ አስቀምጦ ትዕዛዝ በመጣ ቁጥር ያሽጋል፤ ወይ በጅምላ ወደ ገበያው መጋዘን ይልክና ማከማቸቱን፣ ማሸጉንና ለደንበኛ ማድረሱን ለነሱ ይተዋል። አማዞን ሁለተኛውን መንገድ ኤፍቢኤ በሚል ስም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ዋልማርትም ዛሬ የራሱ አለው።

እዚህ የምናወራው ዕቃው ከእጃችሁ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ስላለው ዝግጅት ነው። ልኬቶቹ በብዛት የአማዞን የአሜሪካ ደንብ ናቸው። ሌላ ገበያ ወይም ሌላ አገር የምትልኩ ከሆነ፣ ሐሳቡ ያው ቢሆንም ቁጥሩን ከሻጭ አካውንታችሁ አመሳክሩ። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ዕቃዬን በደንብ አሽጌዋለሁ። ይህ ሁሉ ጥብቅ ደንብ ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱም መጋዘኑ ውስጥ እናንተን የሚያውቅ ሰው የለም። ትልልቆቹ መጋዘኖች ዕቃን በዓይነት በዓይነቱ አይደረድሩም። አንዲት የመደርደሪያ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ፣ የስልክ ገመድና የሕፃን ካልሲ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሠራተኛው ክፍት ቦታ ባገኘበት ያስገባል፣ ዕቃውንና ቦታውን ስካን ያደርጋል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ዕቃው የት እንዳለ የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ ብቻ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2012 ኪቫ ሲስተምስ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ከገዛ ወዲህ ደግሞ፣ በብዙዎቹ መጋዘኖች ሰው ወደ መደርደሪያው አይሄድም። ሮቦቱ መደርደሪያውን ተሸክሞ ሰው ጋ ይመጣል።

በዚህ ሁሉ መሀል ስለ ዕቃችሁ የሚናገረው ባርኮዱ ነው። እሱ ካልተነበበ ዕቃው እዚያው ቁጭ ብሎ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። ለሽያጭ አይወጣም፣ እናንተም ገንዘባችሁ ታስሮ ትጠብቃላችሁ። ደንቦቹ ሁሉ የሚመነጩት ከዚህ ነው። ዕቃው እናንተ አጠገቡ ሳትኖሩ፣ ማንም ሳያብራራለት፣ ራሱን ማስታወቅ መቻል አለበት።

ዕቃው ላይ የፋብሪካው ባርኮድ አለ። ሌላ መለጠፍ ግዴታ ነው?

እንደ ሁኔታው ነው። የፋብሪካው ባርኮድ በአሜሪካ 12 አኃዝ ያለው ዩፒሲ፣ በሌላው ዓለም በብዛት 13 አኃዝ ያለው ኢኤኤን ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ጂኤስ ዋን ከሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ይህ ቁጥር ምርቱ ምን እንደሆነ ይናገራል። የማን እንደሆነ ግን አይናገርም። መቶ ሻጭ አንድ ዓይነት ሻምፖ ቢሸጥ የመቶውም ባርኮድ አንድ ነው።

አማዞን ለዚህ ብሎ ያዘጋጀው ኤፍኤንኤስኬዩ የሚባል የራሱ መለያ አለ። ምርቱን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ይለያል። የብራንዱ ባለቤት ካልሆናችሁ፣ ማለትም የሌላ ሰው ምርት ገዝታችሁ የምትሸጡ ከሆነ፣ ይህን መለያ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይ ለጥፉ። አማዞን አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ2026 እስኪያቆም ድረስ፣ የፋብሪካው ባርኮድ ብቻ ያለበት ዕቃ ከሌላ ሻጭ ዕቃ ጋር የመቀላቀል ዕድል ነበረው። ሌላው ሻጭ ያስገባው ፎርጅድ ወይም የተሰበረ ዕቃ በእናንተ ስም ለደንበኛ ሊሄድ ይችል ነበር ማለት ነው። መጥፎ አስተያየቱ የሚመጣው እናንተ ላይ ነበር፤ አካውንት የሚታገድበትም ጊዜ ነበር። የሌብል ወጪ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

መለያውን ስትለጥፉ የድሮውን ባርኮድ ሙሉ በሙሉ ሸፍኑት። ሁለት ባርኮድ የሚታይ ከሆነ ስካነሩ ቀድሞ ያገኘውን ያነባል። የትኛውን እንደሚያነብ ደግሞ እናንተ አትወስኑም። ይህ በካርቶንም ላይ ይሠራል። ያገለገለ ካርቶን ስትጠቀሙ የቀድሞው መንገድ ሌብሎች በሙሉ ይነሱ ወይም በጥቁር ማርከር ይደምሰሱ።

ሌብሉን በየትኛው ፕሪንተር ላትም?

ሌዘር ወይም ተርማል ፕሪንተር ተጠቀሙ። ኢንክጄት ቀለሙ እርጥበት ሲነካው ወይም ሲታሽ ይደበዝዛል፣ መስመሮቹም እርስ በርስ ይገባባሉ። ተርማል ወረቀት በበኩሉ ሙቀትና ፀሐይ ይጠላል፤ ለረጅም የባሕር ጉዞ ሌዘር ይሻላል እላለሁ።

መጠኑ ከ1 በ2 ኢንች ያላነሰ፣ ከ2 በ3 ኢንች ያልበለጠ ይሁን። በባርኮዱ ግራና ቀኝ ያለው ነጭ ቦታ አይቆረጥ፤ ስካነሩ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚለየው በእሱ ነው። ለጥ ባለ ገጽ ላይ ለጥፉት። ጠርዝ ላይ የታጠፈ፣ የጠርሙስ አንገት ላይ የተጠማዘዘ ወይም መክፈቻው ላይ ያረፈ ሌብል የለም እንደማለት ነው። ዕቃው ፕላስቲክ ውስጥ ከገባ ሌብሉ ከላይ ይሁን። መላውን ጥቅል ከማተማችሁ በፊት ግን አንዱን ለጥፋችሁ በስልካችሁ ስካን አድርጉት።

ልብስና አሻንጉሊት ፕላስቲክ ውስጥ መግባት አለበት?

አዎ። ጨርቅ፣ አሻንጉሊት፣ አቧራ የሚይዝ ወይም የሚፈስ ነገር ሁሉ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ ይታሸጋል። ውፍረቱ ቢያንስ 1.5 ሚል ይሁን፤ በሚሊሜትር 0.038 ገደማ ነው። የከረጢቱ አፍ ተዘርግቶ ሲለካ 5 ኢንች (12.7 ሴንቲ ሜትር) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የመታፈን ማስጠንቀቂያ ሊኖረው ይገባል። ይህን ለደንብ ብላችሁ ብቻ አታድርጉት። ደንበኛው ቤት ሕፃን ልጅ አለ። ቀጭን ፕላስቲክ ፊት ላይ ሲለጠፍ ትንፋሽ ይዘጋል። ማስጠንቀቂያው የታተመበትን ከረጢት አንደኛውን ግዙ፤ በእጅ ከመለጠፍ ያድናችኋል።

ከረጢቱ ከዕቃው በጣም አይተርፍም። ከ3 ኢንች በላይ የተረፈ ካለ ታጥፎ ይለጠፍ፤ አለዚያ መደርደሪያ ላይ እየተንጠለጠለ ይያዛል።

ሦስት ፍሬ አንድ ላይ ነው የምሸጠው። ሠራተኛው እንዳይለያያቸው ምን ላድርግ?

አንድ ላይ አስሯቸው ወይም አንድ ከረጢት ውስጥ አሽጓቸው። «በስብስብ የሚሸጥ፣ አይነጣጠልም» የሚል ሌብል በመጋዘኑ አገር ቋንቋ ለጥፉ። ከውጭ የሚታየው ባርኮድ የስብስቡ ብቻ ይሁን፤ የእያንዳንዱ ፍሬ ባርኮድ ይሸፈን።

ተሰባሪ ዕቃ ምን ያህል መጠቅለል አለበት?

መለኪያው ወድቆ አለመሰበሩ ነው። ታሽጎ ያለቀውን ዕቃ ከ3 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ጠንካራ ወለል ላይ አምስት ጊዜ ጣሉት። አንዴ በታችኛው ገጹ፣ አንዴ በላይኛው፣ አንዴ በረጅሙ ጎኑ፣ አንዴ በአጭሩ ጎኑ፣ አንዴ በማዕዘኑ። ከዚያ ክፈቱት። ከተሰበረ ወይም ከፈሰሰ ማሸጊያው አልበቃም ማለት ነው።

አንድ ፍሬ መሥዋዕት ማድረግ ያሳዝናል፣ ይገባኛል። ግን ዕቃው ማሽን ላይ ይንሸራተታል፣ ከቁመት ይወርዳል፣ ሌላ ዕቃ ይጫነዋል። ለደንበኛ ሲላክ እንደገና ይሄው ይደገማል። አንድ የፈሰሰ ጠርሙስ ደግሞ አጠገቡ ያለውን የሌላ ሰው ዕቃ ሁሉ ያበላሻል። ለፈሳሽ ክዳኑ ሥር ሁለተኛ መዝጊያ፣ ከላይ ደግሞ የታሸገ ፕላስቲክ ይኑረው። ስለት ያለው ነገር ከሆነ ጫፉ በጠንካራ ነገር ይሸፈን፤ ካርቶኑን ከፍቶ እጁን የሚያስገባ ሰው አለ።

ካርቶኑ ምን ያህል ሊከብድ ይችላል?

በአሜሪካ ጣሪያው 50 ፓውንድ ነው፤ 22.7 ኪሎ ገደማ። በአውሮፓ 23 ኪሎ ነው፣ ከ15 ኪሎ ካለፈም የከባድ ዕቃ ምልክት ይለጠፍበታል። ከዚህ በላይ የሚፈቀደው አንዱ ፍሬ ብቻውን ከገደቡ በላይ የሚመዝን ከሆነ ነው። ያኔም ለሁለት ሰው የሚነሳ መሆኑን የሚገልጽ ሌብል ይጠየቃል፤ ከ100 ፓውንድ ካለፈ ደግሞ በማሽን የሚነሳ ተብሎ ይለጠፋል።

እኔ ብሆን 20 ኪሎ ላይ አቆማለሁ። የቤት ሚዛንና የአጓጓዡ ሚዛን አይስማሙም፣ ካርቶንም እርጥበት ሲይዝ ይከብዳል። ገደቡ የተቀመጠው ካርቶኑን ለሚያነሳው ሰው ወገብ ነው። በፈረቃው ስንት ካርቶን እንደሚያነሳ ገምቱ።

ባለ ስድስት ገጽ፣ መዝጊያዎቹ ያልተቆረጡ ጠንካራ ካርቶን ይሁን። ካርቶን አምራቾች ኢሲቲ 32 የሚሉት ደረጃ ለተለመደ ዕቃ ይበቃል። ጥንካሬው ያለው በማዕዘኖቹ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲደረደሩ ማዕዘን በማዕዘን ላይ ይረፍ። የመሀሉን መገጣጠሚያ ብቻ ሳይሆን የሁለቱንም ጎን ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር ዝጉ። ሁለት ካርቶን አንድ ላይ በፕላስተር ወይም በገመድ አስሮ እንደ አንድ መላክ ግን አይቻልም።

ባዶ ቦታውን በምን ልሙላ?

ያልተቆራረጠ ወረቀት፣ አየር የቋጠረ ፕላስቲክ፣ የአየር ትራስ፣ ፎም አንሶላ። በዕቃውና በካርቶኑ ግድግዳ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይኑር። የተቆራረጠ ወረቀትና እንደ ፈንዲሻ የሚበተን ፎም አይፈቀድም። ሠራተኛው ሲከፍተው ወለሉን ይሞላል፣ ትንንሽ ዕቃም በመሀሉ ጠፍቶ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል። ዝጉና ነቅንቁት። የሚንቀሳቀስ ነገር ከተሰማ ገና አልጨረሳችሁም።

አንድ የካርቶን ሌብል ፎቶ ኮፒ አድርጌ ሁሉም ላይ ብለጥፍስ?

በፍጹም። የእያንዳንዱ ካርቶን ሌብል የተለያየ ነው፤ በሲስተሙ ላይ የተያያዘው ካርቶኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ዝርዝር ጋር ነው። ኮፒ ካደረጋችሁ አሥር ካርቶን ደርሶ አንድ ብቻ የተመዘገበ ይመስላል። የመጋዘኑና የአጓጓዡ ሌብል ሁለቱም ለየብቻ ለጥ ባለው ገጽ ላይ ይለጠፋሉ። የመዝጊያው መስመር ላይ አታድርጉት፤ ካርቶኑ ሲከፈት ምላጭ የሚያልፈው እዚያ ላይ ነው።

በየካርቶኑ ያለውን ዝርዝር መሙላት ያሰለቻል። ግድ ነው?

ግድ ነው። ከዝግጅቱ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያቃልለው፣ ብዙ ራስ ምታት የሚያመጣውም ይሄ ይመስለኛል። መጋዘኑ ካርቶን ቁጥር 3 ውስጥ 24 ፍሬ አለ ብላችሁ ከነገራችሁት፣ ሌብሉን ስካን አድርጎ በፍጥነት ሊቀበላችሁ ይችላል። ካልነገራችሁት እያንዳንዱን በእጅ ይቆጥራል፤ ለዚያም ያስከፍላል። የተሳሳተ ዝርዝር ደግሞ ከባዶ ዝርዝር ይብሳል።

ስህተቱ የሚመጣው በአብዛኛው መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው። ካርቶን 3 አልዘጋ ሲል ሁለት ፍሬ ተነስቶ ካርቶን 4 ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱን ግን ማንም አያስተካክልም። መፍትሔው ቀላል ነው። የሚቆጥርና የሚመዘግብ አንድ ሰው ይሁን፣ ካርቶኑ ከመዘጋቱ በፊት ይቆጠር፣ የካርቶኑ ቁጥር በማርከር ጎኑ ላይ ይጻፍ። ከተቻለ አንድ ካርቶን አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይያዝ፤ የሁሉም ካርቶን ቁጥር እኩል ከሆነ ደግሞ ስህተት የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

አንድ ቦታ ልልክ ፈልጌ ሲስተሙ ለአራት መጋዘን ከፋፍል ይለኛል። ለምን?

ዕቃው በየክልሉ ከተበተነ ለደንበኛ በቶሎ ይደርሳል። አማዞን በአሜሪካ ከማርች 1 ቀን 2024 ጀምሮ ምርጫውን በዋጋ አድርጎታል። ወደ አንድ ቦታ መላክ ከመረጣችሁ የማከፋፈያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ሲስተሙ እንዳለው ከፋፍላችሁ ከላካችሁ ክፍያው ይቀራል ወይም ይቀንሳል። ነገር ግን አራት ቦታ መላክ የትራንስፖርት ወጪ ይጨምራል። ሁለቱን ደምራችሁ አወዳድሩ። ለጥቂት ካርቶን አንድ ቦታ መላኩ ሊረክስ ይችላል፤ ጭነቱ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል።

ካርቶኔ ቀላል ነው። አጓጓዡ ለምን እንደ ከባድ አስከፈለኝ?

የሚከፈለው ለያዘው ቦታም ጭምር ስለሆነ ነው። ፈጣን አጓጓዦች ርዝመቱን፣ ወርዱንና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተው ብዙውን ጊዜ ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ለተለመደ የአየር ጭነት ለ6,000 ነው። ከውጤቱና ከእውነተኛው ክብደት የበለጠው ይከፈላል። 60 በ40 በ40 የሆነ ትራስ የያዘ ካርቶን 9 ኪሎ ቢመዝንም፣ 96,000 ለ5,000 ሲካፈል 19.2 ኪሎ ይወጣል። ትራሱ አየሩ ወጥቶ ካርቶኑ ቁመቱ 30 ቢሆን 14.4 ኪሎ ይሆናል። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ብቻ 4.8 ኪሎ ቀነሰ። ተስማሚ ካርቶን መፈለግ ዋጋ አለው የምለው ለዚህ ነው።

ዕቃዬን በፓሌት (ካርቶን በሚደረደርበት የእንጨት መድረክ) ስልክ ምን ልጠንቀቅ?

ለአሜሪካ 40 በ48 ኢንች፣ በአራቱም በኩል ፎርክሊፍት የሚገባበት ፓሌት ነው የሚፈለገው። በአውሮፓ 80 በ120 ሴንቲ ሜትር የተለመደ ነው። በአሜሪካ ቁመቱ ከነፓሌቱ ከ72 ኢንች፣ ክብደቱ ከ1,500 ፓውንድ አይለፍ። ካርቶን ከፓሌቱ ጠርዝ ወጥቶ አይንጠልጠል፤ ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ ከፓሌቱ ጋር ተጠቅልሎ ይታሰር፤ ሌብል በአራቱም ጎን ይለጠፍ።

ድንበር የሚሻገር ከሆነ የእንጨቱን ምልክት እዩ። አይኤስፒኤም 15 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ የማሸጊያ እንጨት ተባይ እንዳያሻግር ያዛል። በሙቀት የታከመ እንጨት እስከ መሀሉ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተምም ይመታበታል። ማኅተሙ ከሌለ ጉምሩክ ጭነቱን ከነዕቃው ሊመልሰው ይችላል።

ከሌላ አገር ዕቃ ስልክ መጋዘኑን አስመጪ አድርጌ መጻፍ እችላለሁ?

አትችሉም። አማዞን አስመጪ አይሆንም፣ ቀረጥም አይከፍልም። በሰነዱ ላይ አስመጪ የሚሆነው እናንተ ወይም በሕግ የሚወክላችሁ ድርጅት ነው። ቀረጡና ግብሩ አስቀድሞ በላኪ የሚከፈልበትን ውል ምረጡ። መጋዘኑ በር ላይ ሒሳብ የሚጠየቅበት ጭነት ተመላሽ ይሆናል።

ባትሪ ያለበት ዕቃስ?

ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን አጣሩ፤ ዕቃውን ከመግዛታችሁም በፊት። የሊቲየም ባትሪ ዩኤን 38.3 የሚባለውን ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃና የደኅንነት መረጃ ሰነድ ከአምራቹ ተቀበሉ። ብቻውን የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ ዩኤን 3480፣ ከመሣሪያ ጋር ያለው ዩኤን 3481 ተብሎ ይመደባል፤ ምልክታቸውም ይለያያል። የመጀመሪያው ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ አይጫንም። ሳይገለጽ የተጫነ ባትሪ እሳት ያስነሳል፣ ሰው ይገድላል። ዝም ብሎ ማለፍ የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም።

የሚበላሽበት ቀን ያለው ዕቃ?

ቀኑ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይም በካርቶኑ ላይም በጉልህ ይጻፍ። ለአሜሪካ ቅደም ተከተሉ ወር፣ ቀን፣ ዓመት ነው። ሲደርስ ከ90 ቀን በላይ ዕድሜ ይኑረው። ቀናቸው የተለያየ ዕቃዎችን አንድ ካርቶን ውስጥ አትቀላቅሉ።

ዝግጅቱን መጋዘኑ ራሱ እንዲሠራልኝ መክፈል አልችልም?

አማዞን በአሜሪካ ይህን አገልግሎት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አቁሟል። አሁን ያለው አማራጭ ራሳችሁ መሥራት፣ የዝግጅት ድርጅት መቅጠር ወይም ፋብሪካው ሌብሉን ለጥፎ እንዲልክ ማድረግ ነው። ፋብሪካው ከሠራው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የተለጠፈ ናሙና ፎቶ ሳታዩና ባርኮዱን ከፎቶው ላይ ስካን ሳታደርጉ ይጫን አትበሉ። ሁለት ቀለም ያለው ዕቃ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ። የቀዩ ሌብል ሰማያዊው ላይ ከተለጠፈ፣ መጋዘኑ ሌብሉን እንጂ ቀለሙን አያይም።

200 ልኬ 188 ብቻ ተመዘገበልኝ። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ታገሡ። ጭነት ደረሰ ማለት ተቆጥሮ አለቀ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ካርቶን ወደ ሌላ መጋዘን ተዛውሮ ቆይቶ ይመዘገባል። የጭነቱ ሁኔታ ተዘግቶም ቁጥሩ ካልተስተካከለ ምርመራ ጠይቁ። ይህ የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ።

የሚጠየቁት ሰነዶች ከአቅራቢ የገዛችሁበት ደረሰኝና አጓጓዡ ያስረከበበት ማስረጃ ናቸው። ክብደትም ምስክር ነው። በሰነዳችሁ ላይ የካርቶን ቁጥር 7 ክብደት 18.4 ኪሎ ከተባለና አጓጓዡም ሲረከብ ያንኑ ከመዘነ፣ ዕቃው ከእናንተ ጋ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን ያስረዳል። ስለዚህ ካርቶኑን ከመዝጋታችሁ በፊት ከላይ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ከዘጋችሁ በኋላ ደግሞ ሚዛን ላይ እንዳለ ሌብሉና ቁጥሩ አብረው የሚታዩበትን ሁለተኛ ፎቶ። ፎቶዎቹን በጭነቱ መለያ ቁጥር በተሰየመ ፎልደር አስቀምጡ፤ ምርመራው እስኪዘጋም አታጥፉ።